ክረምት ሳይገባ ቤትን ስለ ማሰናዳት

የአገራችን የዘመን አቈጣጠር ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወራት ይከፍሉታል። ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ድረስ ነው። በአውሮፓ ግን ክረምት የሚባለው ከቅጠል መርገፍ በኋላ የሚመጣው የበረዶ ወራት ነው። እኛም ለትምህርት በውጭ አገር በቈየንበት ጊዜ እንደ ተመለከትነው፣ የዚያ አገር ሰዎች ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጣራቸውን ይመረምራሉ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ይደፍናሉ፣ የምድጃውን የጢስ መውጫ ከጥላሸት ያስጠርጋሉ፣ ማገዶአቸውንም ደረቅ ቦታ ይከምራሉ። ብርዱ በሩን ሲያንኳኳ ሥራው ሁሉ አልቆ ይገኛል።

ለእኛ የሚያሠጋው ወራት የበረዶ ሳይሆን የዝናብ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኛ የሚገባው በጸደይ ነው። ከጸደይም ወራት ይልቁን ግንቦት የመጨረሻው ዕድል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለውሃም ያገለግላል። ሐምሌ ከገባ በኋላ ጭቃ አይደርቅም፣ እንጨት አይደርቅም፣ ልብስም በቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ የክረምት በሽታ ብዙውን ጊዜ ሥሩን የሚሰድደው በክረምት ሳይሆን ሥራ ሳይሠራ ባለፈው በጋና ጸደይ ነው ማለት ይቻላል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አጠገቧ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ቆሟል። ከጉና ተረተር ጀምሮ ጥድና ወይራ እስከ ለበሰው እስከ ጣራ ገዳም ድረስ ባለው አገር አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሲጫን ፀሐይ ሳትታይ የምትውልበት ቀን ብዙ ነው። በቴርሞሜትር ሲለካ የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የክረምቱ ብርድ ግን እርጥበት ያለበት ስለ ሆነ ከልብስና ከግድግዳ አይለቅም፤ ሰውንም ቀንና ሌሊት ቤት ያስቀምጠዋል።

ሰው ሲበርደው በመጀመሪያ የሚያደርገው ቤቱን መዝጋት ነው። በሩ ይዘጋል፤ በግድግዳውና በጣራው መካከል ያለው ክፍተት በጆንያና በአሮጌ ጨርቅ ይወተፋል፤ ምድጃውም ከማድ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ይገባል። ቤተ ሰቡም ከነሕፃናቱ በእሳቱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ለሙቀት ታስቦ የሚደረግ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዝናቡን የከለከለው ውታፍ ጢሱንም ይዞ ያስቀራል። «ድኃና ጢስ መውጫ አያጣም» ይባላል። በክረምት ተዘግቶ በሚውል ቤት ውስጥ ግን ጢስ መውጫ ያጣል፤ በእርሱም ምክንያት የሚታመመው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን ጭምር ነው። ስለዚህ ቤትን ለክረምት ማሰናዳት ማለት ማፈን ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እንወዳለን። የተሰናዳ ቤት ውሃ የማያስገባ፣ ሙቀት የማያባክን፣ ጢስንም የማያስቀር ቤት ነው።

ስለ ጣራና ስለ ግድግዳ

የሣር ክዳን ቤት ያለው ሰው ዝግጅቱን የሚጀምረው ክረምቱ እንዳለፈ ወዲያውኑ ነው። ሰንበሌጥ የሚታጨደው በመጸው፣ ይኸውም በጥቅምትና በኅዳር ደርቆ ሲገኝ ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ አጭዶ የከመረ ሰው በጸደይ ሳይቸገር ቤቱን ይከድናል። ያን ጊዜ ያላጨደ ሰው ግን አዲስ ክዳን ባይችል እንኳ ያረጀውን ቦታ ሊጠግን ይችላል። የሚያፈስሰውን ቦታ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ፀሐይ በምትበረታበት በቀትር ጊዜ ወደ ቤት ገብቶ በሩን መዝጋትና ወደ ላይ መመልከት ነው። ብርሃን በነጥብ የሚገባበት ቦታ ሁሉ በሐምሌ ውሃ የሚገባበት ቦታ ነው። ብርሃን ባይታይም በማገሩ ላይ የጠቈረ የውሃ መስመር ካለ፣ ባለፈው ክረምት ውሃ በዚያ መውረዱን ያመለክታል። ከሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚበሰብሰው የክዳኑ ጫፍ ስለ ሆነ በጉልላቱ ላይ የሚደፋው ሸክላ እንዳልተሰነጠቀ መመርመር ያስፈልጋል።

በቈርቈሮ የተከደነ ቤት ደግሞ የሚያፈስሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስማሩ በገባበትና ቈርቈሮው በተነባበረበት ቦታ ነው። የላላው ምስማር ሊጠብቅ፣ የዛገው ሊለወጥ ይገባል። ደግሞም አንዳንድ ቤተ ሰብ ቈርቈሮው ሳይበሳ ሌሊት ውሃ እየተንጠባጠበ ያስቸግራቸዋል። ይህ የዝናብ ውሃ አይደለም። የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ከቀዘቀዘው ብረት ጋር ሲገናኝ ወደ ውሃ ተለውጦ የሚወርድ ጠል ነው። መድኃኒቱም እንፋሎቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ መተውና ከቈርቈሮው በታች ኮርኒስ መሥራት ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ በጨርቁና በብረቱ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ያቈያል።

ግድግዳን መምረግ የሚገባው ፀሐይ ሳለች ነው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቂት ነው። በሰኔ አጋማሽ የተመረገ ግድግዳ ግን እርጥበቱን ይዞ ክረምቱን ሙሉ ስለሚቈይ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። በስንጥቁ ውስጥ ትኋንና ቁንጫ ስለሚሰፍሩ እያንዳንዱ ስንጥቅ በጭቃና በእበት ተደፍኖ ሊለቀለቅ ይገባል። የጣራው ክፈፍም ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ስንዝር ወጣ ያለ ቢሆን የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን እግር አይበላም።

ስለ ጎርፍ ውሃ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ የጣራው ስፋት 40 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ 1200 ሊትር ነው። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲሰፈር 60 ጀሪካን ይሆናል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ ቢያደርጉት መልካም ነው፤ ልጁ የቤቱን ጣራ ለክቶ መልሱን ሲያገኝ ቦይ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ አስረጅ አይሻምና።

ይህን ያህል ውሃ በግድግዳው እግር ሲቋጠር መሠረቱን ያላላል፤ ወደ ውስጥም ሰርጎ መደቡንና ወለሉን ያረጥባል። ስለዚህ ከክፈፉ ጠብታ ወጣ ብሎ በቤቱ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ተቈፍሮ ወደ ቊልቊለቱ ሊመራ ይገባል። አሸንዳ ያለው ሰው ውሃውን በበርሜል አጠራቅሞ ለልብስ ማጠቢያ ያደርገዋል። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ምንጭ እንዳይመራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየክረምቱ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው አንዱ ነገር የውሃ መውረጃ ስለ ሆነ፣ አብረው ተነጋግረው በግንቦት አንድ የጋራ ቦይ ቢያወጡ በነሐሴ ሽማግሌ ከመጥራት ይድናሉ።

በደጋ የወረደው ውሃ በዚያው አይቀርም። ርብና ጉማራ ይዘውት ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ እነዚህ ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በሜዳው ዘመድ ያለው አንባቢ ለዘመዱ እህሉን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በየጕድጓዱ የሚቀረውን ኩሬ እንዲያፋስስ ሊነግረው ይገባል። የወባ ትንኝ የምትራባው ዝናቡ ሲያባራ በሚቀረው ኩሬ ውስጥ ነውና። «እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺሕ ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። በሽታው ከሁሉ ይልቅ የጐዳው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ያለውን፣ ወባን ያልለመደውን ሕዝብ ነበር።

ስለ ጢስ

ጢስ ዓይንን ከማስለቀስ በስተቀር ጕዳት የሌለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የጢስ ዋናው ክፋት ግን በዓይን የማይታየው ክፍሉ ነው። በውስጡ ያለው እጅግ የደቀቀ ብናኝ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አልፎ ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ የሳንባውንም የመከላከል ኃይል ያዳክማል። በጢስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ጢስ ከሌለበት ቤት ልጅ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይኸው ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ከ237 ሺሕ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። እንጀራ የምትጋግር፣ ወጥ የምትሠራና ጠላ የምትጠምቅ ሴት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚሁ ጢስ ፊት ትቀመጣለች። ባለቤቷ ትንባሆ አላጨስም ብሎ ሲመካ፣ እርስዋ ሳትወድ ስታጨስ ትኖራለች።

ጢስ በሠለጠነ አገር አይጐዳም እንዳይባል የለንደንን ታሪክ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1952 ነፋስ በማይነፍስበት ብርድ የከተማው ሰው ሁሉ የድንጋይ ከሰል አንድዶ ሲሞቅ፣ ጢሱ ከጉም ጋር ተደባልቆ አምስት ቀን ሙሉ በከተማው ላይ ተጋደመ። በጊዜው በተደረገው ግምት ከተለመደው ቍጥር በላይ 4000 ያህል ሰዎች ሞቱ። ይልቁንም የሞቱት ሽማግሎችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ በኋላ በ1956 የእንግሊዝ መንግሥት ጢስን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የለንደን ሰዎች ጢሱን ያዩት ከጣራቸው በላይ በሰማይ ላይ ስለ ሆነ ሁሉም ደነገጠ። የእኛ ጢስ ግን ከጣራችን በታች ስለ ሆነ፣ ለየቤቱ ተከፋፍሎም ስለሚኖር፣ ማንም አይደነግጥበትም።

አንዳንድ ሽማግሎች፣ «ጢስ ክዳኑን ያጸናል፣ ምስጥንና ቁንጫን ያባርራል፤ አባቶቻችንም በዚሁ ኖረዋል» ሲሉ ይሰማል። ጢስ የሣሩን ክዳን ከተባይ መጠበቁ እውነት ነው፤ ይህን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ክዳኑን ለማጠን ሰው መታጠን አያስፈልገውም። ቤተ ሰቡ ውጭ በሚውልበት ደረቅ ቀን እሳቱን በጥንቃቄ እያስጠበቁ ቤቱን ማጠን ይቻላል። አባቶቻችን ኖረዋል ስንልም፣ ያልኖሩትን ሕፃናት መቍጠር እንደማይገባን ሆነን መናገራችንን እናስተውል።

ጢስን ለማስወጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ የሚቻል ከሆነ ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ ይሁን። ማድ ቤት ለመሥራት አቅም የሌለው ሰው ቢያንስ ምድጃውን ከመኝታው አርቆ በግድግዳው አጠገብ ያድርገው።

ሁለተኛ፣ ጢስ የሚነሣው ወደ ላይ ስለ ሆነ መውጫው ከላይ ይሁን። ከምድጃው በላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ነፋስና ዝናብ ከማይመታበት ወገን አንድ ክንድ ርዝመትና አንድ ስንዝር ቁመት ያለው መስኮት ይከፈት። ክፈፉ ዝናቡን ይመክትለታል። ጢስ እንዲወጣ ደግሞ ንጹሕ አየር መግባት አለበት፤ ስለዚህ በትይዩው ወገን ዝቅ ያለ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ያስፈልጋል። በእነዚህ በሁለቱ ቀዳዳዎች ጆንያ አይወተፍ። ብርዱን በወፍራም ልብስ መመከት ይቻላል፤ ጢሱን ግን በልብስ መመከት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ማገዶው ደረቅ ይሁን። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት የሚሰጠው እሳት ይህን ውሃ በማትነን ያልቃል፤ ለቤቱ የሚተርፈው ጢሱ ነው። የተፈለጠ ባሕር ዛፍ በደንብ ለመድረቅ ብዙ ወራት ስለሚፈጅ፣ በጥርና በየካቲት ፈልጦ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መከመርና ከላይ መክደን ይገባል። ኩበትም በበጋ ተጠፍጥፎ ደርቆ ከዝናብ የተጠበቀ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የተሻሻለ ምድጃ ይመረጣል። «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን መልካም ምድጃ የጢስ መውጫን አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ በክረምት ይልቁን ሊጠቀምበት ይገባል።

አምስተኛ፣ እናት እሳት በምታነድበት ጊዜ ሕፃኑን አትዘል። አያት ወይም ታላቅ ልጅ ጢስ ወደሌለበት ክፍል ወስዶ ይያዘው። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው የቤቱ ሰው መተባበር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕፃን ቢያስለው ትንፋሹን መቍጠር ያስፈልጋል። ልጁ ሳያለቅስ ጸጥ ባለ ጊዜ ደረቱን ወይም ሆዱን ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሰዓት መቍጠር ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ የሳንባ ምች ምልክት ስለ ሆነ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ ጡት መጥባት የተወ ወይም የፈዘዘ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ መጠበቅ አይገባም።

ስለ ከሰል

ከጢስ ይልቅ የሚያስፈራው ጢስ የሌለው መርዝ ነው። በየክረምቱ፣ «ማታ በደኅና ተኝተው ጧት ሞተው ተገኙ» የሚባል ወሬ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በማንደጃ ከሰል ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ ቤት ሲያስገባው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ይወጣል። ይህ አየር በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ቀይ ነገር ጋር ሲጣበቅ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ይራባል። ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ ከዚያም ይተኛል። የተኛ ሰው ደግሞ መርዙን ሊያሸት ስለማይችል አይነቃም።

ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። ማታ ለመሞቅ የገባ ማንደጃ ቤተ ሰቡ ከመተኛቱ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። አመድ ቢለብስም የጠፋ አይደለምና አይታመን። ቡና በሚፈላበት ጊዜም በሩ ወይም መስኮቱ ገርበብ ይበል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ብርድ ነው ወይም ምች ነው ሳይባል ወዲያው በሩ ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክሲጅን ወደሚገኝበት ሐኪም ቤት በፍጥነት መውሰድ ያስፈልጋል። የሚጠጣ ነገር ሁሉ መርዙን አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ቢያደርጉበት ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

ስለ ልብስና ስለ መኝታ

በክረምት ሰው ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ይለብሳል፤ ልብሱም ስለማይደርቅ ማጠቡን ይተዋል፤ ለሙቀትም ተጠጋግቶ ይተኛል። ለቅማል ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም። የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ የገለጸው ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ ስለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአገራችን በክረምት የሚበረታው ግርሻም በቅማል ይተላለፋል። የግርሻ ተሐዋስ የሚገባው ቅማሉ ሲደፈጠጥ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጠጠ ቆዳ ላይ ሲነካ ስለ ሆነ፣ ቅማልን በጥፍር መደፍጠጥ አደገኛ ልማድ ነው።

እንግዲህ ፀሐይ ሳለች በግንቦት የቤቱ ልብስና የመኝታ ጨርቅ ሁሉ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ታጥቦ ይድረቅ። መቀቀል የማይችለው ባናና በርኖስ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ አፉ ተቋጥሮ፣ ሁለት ሳምንት ሳይለበስ ቢቀመጥ ቅማሉ ደም በማጣት ያልቃል። ደበሎውና ሰሌኑም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይራገፍ። መኝታው ከወለሉ ከፍ ባለ መደብ ወይም አልጋ ላይ ይሁን፤ ከብቶች ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ከሆነ ቢያንስ ጋጣው በግድግዳ ይለይ።

ስለ መጠጥ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት

የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ በየሜዳው የተጠራቀመውን ዐይነ ምድር አጥቦ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወስዳል። ስለዚህ መጸዳጃ ጕድጓዱ በግንቦት ተመርምሮ የሞላው ይለወጥ፤ ጎርፍም እንዳይገባበት ዙሪያው በአፈር ከፍ ይበል። ከምንጭ ወይም ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከውሃው በታች በቊልቊለቱ በኩል የሆነ ይሁን።

ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ከፍ ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በደብረ ታቦር ከፍታ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቈየት አለበት። የፈላውም ውሃ በታጠበና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

ለመምህራን የቀረበ አሳብ

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምቱ ሲገባ ነው። ተማሪው በሰኔ ተሰናብቶ ሲሄድ የሚመለሰው በመስከረም ነው፤ በመካከሉ ያሉትን አደገኛ ወራት የሚያሳልፈው መምህሩ በሌለበት፣ በአባቱ ቤት ነው። ስለዚህ የክረምት ጤና ትምህርት በግንቦት ካልተሰጠ የሚሰጥበት ሌላ ጊዜ የለም። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ አምስት ነገር ተመልክቶ በደብተሩ ጽፎ እንዲያመጣ ቢታዘዝ ደስ ይለናል። ይኸውም፣ በቀትር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በጣራው ላይ አለን? በቤቱ ዙሪያ ቦይ ተቈፍሯልን? ጢሱ የሚወጣው በምን በኩል ነው? ማገዶው የተከመረው የት ነው? ከሰል በመኝታ ክፍል ያድራልን? የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጁ መልሱን ሲፈልግ አባትና እናት አብረውት ይፈልጋሉ። ልጁም አባቱን ሲጠይቅ በትሕትና እንጂ እንደ መርማሪ እንዳይሆን መምህሩ ቢያስገነዝበው መልካም ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሥራውን በየወሩ ከፋፍሎ ማስታወስ ይረዳል። በጥቅምትና በኅዳር ሰንበሌጥ ይታጨዳል፤ በጥርና በየካቲት እንጨት ይፈለጣል፣ ኩበት ይጠፈጠፋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ጣራው ይከደናል፣ ግድግዳው ይመረጋል፤ በግንቦት ቦይ ይቈፈራል፣ የጢስ መውጫው ይከፈታል፣ ልብሱ ይቀቀላል፤ በሰኔ እህልና ማገዶ ይገባል።

ዘንድሮ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜው ያጠረበት ሰው ቢኖር አይዘን። ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ይሥራ፤ ከክፈፉ ሥር የጢስ መውጫውን ይክፈት፣ ማንደጃውንም ከመኝታ ክፍል ያውጣ። ለእነዚህ ለሁለቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ዝናቡ ለማንም ሳይጠይቅ በቀኑ ይመጣል፤ እርሻውንም ስለሚያጠግብልን እንፈልገዋለን። እንግዲህ ሲመጣ ቤታችን ለውሃው የተዘጋ፣ ለጢሱ የተከፈተ ሆኖ ይጠብቀው።